ያልታየ አልመጣም

ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ ሰርግ በቪዲዮ ስቀርጽ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰርግ ያስረጃል። አንድ ቀን ደግሶ አንድ ቀን ያገባ ሰው ይህን አያውቀውም፤ የሚያውቀው በየቅዳሜና እሑዱ ዳስ ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ያንኑ ጭፈራና ያንኑ እልልታ ሲለቅም የኖረ ነው። በቆላው ሙቀት ሙሽራው በሱፍ ልብሱ ውስጥ ሲቀልጥ እያየሁ «ፈገግ በል እንጂ፣ ሰርግህ አይደለም እንዴ?» እላለሁ። ደግ ሰው አይደለሁም፤ ሥራውም ደግ አያደርግም።

በእኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ ጉዳዩ ሙሽሮቹ አይደሉም፤ እድምተኛው ነው። ቪዲዮው ተቀናብሮ አልቆ ቤተ ዘመዱ ቴሌቪዥኑን ከቦ ሲቀመጥ ሁሉም የሚፈልገው ራሱን ነው። ከገለጉ ከተማ ድረስ በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ የመጣች አክስት ፊቷ ካልታየ ጠቧ ከሙሽራው ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ነው። አንድ ጊዜ የአንዱ ሙሽራ አጎት፣ ትልቅ ሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ። «ወይፈን ጎትቼ መጥቼ እንዴት አልታይም?» አሉ። ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ ሌላ ቅጂ ልሥራልዎት ብላቸው አልሰሙኝም። «ካልታየሁማ አልመጣሁም ማለት ነው» ብለው ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቃላቸውን ወስጄ መተዳደሪያ አደረግኩት። ድንኳን በገባሁ ቁጥር «ያልታየ አልመጣም!» እያልኩ ካሜራዬን ከጥግ እስከ ጥግ አዞራለሁ፤ ሰዉም ጉርሻውን ያቆምና ቀና ይልልኛል። የቀልድ ነገር ነበር።

ታናሽ እህቴን ያገባት ሰው ትራክተር ነጂ ነበር። ቤታቸው ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር ነው። እሱ ክረምት ሲገባ አብደራፊ ሄዶ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ መሬት በዲስክ ማረሻ ሲገለብጥ ይከርማል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ደግሞ ጆንያ ያመላልሳል። ቁጥብ ሰው ነው። ቤቴ መጥቶ ምሳ በልቶ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ መርቆ የሚሄድ። ሰርጋቸውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ትራክተር ነጂ ሙሽራ ሲሆን ለቀራጭ መከራ ነው፤ ወደ ፊት እየሄደ ወደ ኋላ ያያል። ዓመቱን ሙሉ በቀኝ ትከሻው በኩል ዞሮ ከኋላው የሚጎተተውን ዲስክ ሲጠብቅ የኖረ አንገት ሰርግ ነው ብሎ አይቃናም። ሚዜዎቹም ነጂዎች ነበሩና በየተራ ዞር ሲሉብኝ «ኧረ ዛሬ ዲስክ የለም!» ብዬ ጮህኩ፤ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። በከተማችን ግማሹ ወንድ እንዲህ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። አገሩ ሁሉ በተቃውሞ ሰልፍ ሲናጥ የእኛም ከተማ ተራዋ ደረሰ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ እርሻው አልቆ አማቼ ቤቱ ነበር። በሰልፉ ዕለት እኔ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ፣ ካሜራዬን ጨርቅ አልብሼ ተቀመጥኩ። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እናቴም ያኔ በሕይወት ነበረች። እሱ ግን ወጣ። ለእህቴ «ናፍጣ መጥቶ እንደሆነ ልይ» ብሏት ነው የወጣው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ልብሱ በዝናብ ርሶ፣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ በሰርጉ ቀን እንኳ። ያ ቁጥብ ሰው በተዘጋ ጉሮሮው ማውራት አላቆም አለ።

«ከፊት ነበርሁ፣ አማቼ» አለኝ። «ከፊት! ባነሩን ከያዙት ቀጥሎ!»

በማግስቱ ወሬው መጣ። የመንግሥት ጸጥታዎች በቪዲዮ እየለዩ ሰልፈኛ ይለቅማሉ ተባለ። ሰልፉን ሰው ሁሉ በስልኩ ቀርጾ በኢንተርኔት ለቆት ነበር፤ ያንኑ ቪዲዮ እያቆሙ፣ ፊት በፊት እየለዩ፣ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እኔ ለሰርግ የምሠራው ሥራ ማለት ነው። አማቼ ምሳውን ሳይበላ ተነሳ። ትራክተር ነጂ መለዋወጫ ፍለጋ ድንበር መሻገሩ ያለ ነውና ማንም ምንም አላለውም፤ በሚኒባስ መተማ ዮሐንስ ወርዶ፣ አሮጌ የዘይት ማጣሪያ በእጁ አንጠልጥሎ፣ በነጠላ ጫማ የድንበሩን ድልድይ ተራምዶ ሱዳን ገባ። ለእህቴ የተወላት ቃል ይህ ብቻ ነበር። «ወንድምሽ ቪዲዮዎቹን በሙሉ ፈልጎ ይይልኝ። ካልታየሁ እመለሳለሁ። ከታየሁ ግን አልመለስም፤ እንግዲህ የምንሆነውን እንሆናለን።»

ቪዲዮ መፈለጉ ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔቱን ዘግተውታል። የሱዳን ኔትወርክ ግን ድንበር አያውቅም፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ቁጭ ብለህ ይይዝልሃል። እዚያ ስልክ የሚጠግን ወዳጅ ነበረኝ። የሱዳን ሲም አስገብቶ ያገኘውን ሁሉ ያወርድልኛል። «ሁሉም ያው ሰልፍ ነው፣ ምን ያረግልሃል? ኸላስ በለው» ይለኛል በለመደው ዓረብኛ፤ በቃ ተወው ማለቱ ነው። ችግሩ መመለሻው ላይ ነበር። ኬላው ላይ ስልክና ፍላሽ ይፈተሻል። እኔም በሙያዬ ተንኮል ገባሁ፤ ቪዲዮዎቹን አንድ ላይ ሰፍቼ በአንድ ረጅም ሰርግ ጭራ ላይ ቀጠልኳቸው። ፈታሹ ላፕቶፔን ያስከፍታል፤ ሙሽሪት ከመኪና ትወርዳለች፤ እልል ይባላል፤ አበባ ይበተናል። ትንሽ ያይና ዝጋው ይለኛል። የሰው ሰርግ እስከ መጨረሻው የሚያይ ሰው በዓለም ላይ የለም። አንድ ቀን ብቻ አንዱ ፈታሽ ረዘም አድርጎ አየብኝ። ኋላ ቀና ብሎ «ይቺ ሚዜዋ የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

እህቴ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ለእናቴ ትታ ሱቄ ትመጣለች። በሩን ዘግተን እናያለን። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እናያለን፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ በነጠላዋ እያራገበች መብራቱን እንጠብቃለን። እኔ ፊት ነው የምፈልገው፤ ዓይኔ የለመደው ያንን ነው። ከሚተራመሰው ሰው መሃል ግንባርና አፍንጫ እየለቀምኩ «ይሄ ይሆን? ያኛውስ?» እላታለሁ። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ «አይዶለም» ትላለች።

ከቪዲዮዎቹ አንዱ ከጣሪያ ላይ የተነሳ ነበር። የሰልፉ ፊት በቤቱ ሥር ካለፈ በኋላ ከጀርባ ይታያል፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ከሚሄዱት መሃል አንድ ሰው ዞር ብሎ ወደ ኋላ ያያል። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ተፈጭቶ የሰውየው ፊት ጭቃ ሆኗል። «ይሄ እንኳ ያለ ጥርጥር ትራክተር ነጂ ነው» ብዬ ሳቅኩ። እህቴ ሙቀቱን አልቻልኩትም ብላ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ቆይታ ተመልሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና «ቀጥል» አለችኝ። ቀጠልኩ።

ሁሉንም አይተን ስንጨርስ «የለም» አለች። «አንዱም ላይ የለም፣ ወንድምዓለም። ደውልለትና ይምጣ።»

ደስታዬን አልችለው ብዬ በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ፤ ከወዳጄ ሱቅ ሆኜ በሱዳን ቁጥር ደወልኩለት። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ ደርሶ ጆንያ ይሸከም ነበር ያኔ።

«የምሥራች!» አልኩት። «የለህበትም። አንዱም ላይ አልታየህም። ጨርቅህን ይዘህ ና።»

ከጀርባው ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች ሲጯጯሁ ይሰማኛል።

«በሙሉ አይታችሁታል?» አለ።

«በሙሉ።»

«ባነሩ ያለበትንም?»

«አየነው አልኩህ እኮ። የለህም።»

«ከፊት ነበርሁ እኮ፣ አማቼ» አለ። አልተቆጣም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። «ከፊት ሆኜ እንዴት አልታይም?»

ወይፈን ጎትተው የመጡት ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ። ገና ያልወጣ ቪዲዮ ይኖራል፣ ደህና አድርገህ ፈልግ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ለወዳጄ፣ እንዳይታይ የሸሸ ሰው አሁን እንዲታይ ይለምነኛል ብዬ ነገርኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለን።

ፍለጋዬን ቀጠልኩ። እሱን ብዬ የጀመርኩት ነገር ግን እያደር እኔኑ ያዘኝ። አንዱ ቪዲዮ በየጊዜው ስሙን እየለወጠ ይመጣል፤ ትናንት የገንዳ ውሃ ሰልፍ ተብሎ የመጣው ዛሬ የጎንደር ይባላል፤ ከርሞ ደግሞ የሌላ አገር ሰው የእኔ ከተማ ነው ብሎ ይምልበታል። ሰውም ያምናል፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። እኔም ከየአገሩ የመጣውን እየቆረጥኩ ጎን ለጎን መስፋት ጀመርኩ። ከዚህ ከተማ የወጣው ሰልፍ እዚያኛው ከተማ መንገድ ላይ እንዲገባ አድርጌ ቀጠልኩት። መፈክሩን በሙሉ አጠፋሁ፤ የእግር ድምፅና ዝናብ ብቻ ተውኩ። ፊቶቹንም ሸፈንኩ። መሸፈኛ ያልኩት ሙሽሪት ስትገባ የምንጨምረውን ነጭ ብርሃን ነው፤ ሌላ ነገር ፕሮግራሜ ላይ የለም። ዕድሜ ልኬን ፊት ሁሉ እንዲታይ ስደክም ኖሬ ፊት ሁሉ እንዳይታይ ስደክም ከረምኩ።

ከዚያ ካሜራዬን ጨርቁን ገፍፌ አወጣሁት። ሰልፍ ስንል ሁለት ነገር ነውና፤ መፈክር ይዞ መውጣትም ሰልፍ ነው፣ ጄሪካን ይዞ ለናፍጣ መቆምም ሰልፍ ነው። የናፍጣውን ሰልፍ ቀረጽኩ። ከወሎና ከጎጃም ወርደው ለሰሊጥ አጨዳ የሚቀጠሩትን፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን የቀን ሠራተኞች፣ ጠዋት ጠዋት ካቦው መጥቶ እስኪመርጣቸው ማጭዳቸውን ይዘው ሲጠብቁ ቀረጽኩ። እነዚያን ከነዚያ ጋር ስሰፋቸው የትኛው ሰልፍ የትኛው እንደሆነ እኔ ራሴ እጠፋ ጀመር። ከአንዱ ወደ አንዱ የማልፍበት ድልድይ ሲያጥረኝ ያንን ዞር የሚለውን ሰው አስገባሁት። ዝግ አድርጌ አዘገየሁት። ዞር ሲል የናፍጣውን ሰልፍ ያያል፤ ዞር ሲል ሳሉጎቹን ያያል። ፊቱ ፈርሶ ስላለቀ ብርሃኑ እንኳ አላስፈለገውም። ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነበር፤ የማን ልጅ ይሆን እያልኩ።

ኋላ አንድ የጎንደር መምህር ይህን አይቶ «ይህ እኮ የሙከራ ፊልም ይባላል» አለኝ። የተሞከረው አማቼን ወደ ቤቱ መመለስ እንደነበር አልነገርኩትም።

ለአማቼም ላክሁለት። እንደዚያ ቢያይ ልቡ ይረጋል፣ ይመጣል ብዬ ነው። መልሱን የሰማሁት ከወዳጄ ሱቅ ደውዬ ነው።

«አየሁት» አለ። «ደጋግሜ አየሁት። የለሁበትም።»

«የለህበትም፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልጆችህ ይጠይቁሃል።»

«እዚህ የመጣነው ሰዎች ስንተዋወቅ፣ ስም እንኳ ሳንጠያየቅ ቪዲዮ ነው የምናሳይ» አለኝ። «አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይሄ እኔ ነኝ ይላል፤ ሌላውም እንዲሁ። እኔን ሲጠይቁኝ ነበርሁ እላለሁ። የታለህ ይሉኛል። ለናፍጣ ነው የተሰለፈው እያሉ ይስቁብኛል።»

«ተዋቸው።»

«ትራክተሩን ለሌላ ነጂ ሰጥተውታል፣ አውቃለሁ። ባዶ እጄን፣ እንዳልነበርሁ ሆኜ ብገባ ለምን ሄድህ ሲሉኝ ምን እላለሁ? ያልታየ አልመጣም የምትል አንተ አይዶለህ?»

በሰርግ ላይ የጣልኳት ቀልድ ገዳሪፍ ድረስ ተከትላው ሄዳለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ከጭቃ ግድግዳና ከሰማያዊ የብረት በር ፊት ብቻውን ቆሟል። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፎታል፤ ትንሽ ያዘነብላል። ሁለት እጁን እንደ ሰልፈኞቹ ከራሱ በላይ አመሳቅሎ ባለበት ይረግጣል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ ግን አያወጣም፤ ጎረቤት እንዳይሰማው ይሆናል። ካሜራውን ትኩር ብሎ ነው የሚያየው፤ አንገቱ ለአንድ ጊዜ ቀጥ ብሏል። ሲጨርስ ወደ ስልኩ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያጠፋዋል። ቀጥሎ መልእክቱ መጣ፤ «ከሰዎቹ መሃል ስፋኝ።»

«አንድ ሰው እኮ ሰልፍ አይሆንም» አልኩት።

«አንተ መሃላቸው ካረግኸኝ እሆናለሁ» አለ።

ለእህቴ አሳየኋት። እስኪያልቅ አየችው፤ እንደገና እንዳሳያት አልጠየቀችም። «እንዳታስገባው» አለች። «ፊቱን አንድ ጊዜ ካዩት በዚያው ቀረ ማለት ነው። በሞቴ እንዳታስገባው።» እኔም አላስገባሁትም። ለእሱ እየሠራሁ ነው አልኩት። ነገ ዛሬ ስለው፣ እሱም መጠየቁን ተወ። ወዳጄ በሰማው ወሬ ካርቱም ገብቷል ተባለ፤ ከካርቱምም ወደ ሊቢያ ከሚሄዱት ጋር ተቀላቅሏል ተባለ። ስልኩ ዝም አለ።

መርዶው በማለዳ መጣ። ከመንገድ የተመለሰ አንድ ሰው ነው ወሬውን ያመጣው፤ በረሃው ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ ውሃ አልቆባቸው፣ እዚያው ጓደኞቹ አሸዋ አልብሰውት ሄዱ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ጎህ ሳይቀድ የእህቴን በር ሲያንኳኩ በአጥሩ በኩል ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ከመናገራቸው በፊት አወቅኩ። አስከሬን የለም፤ ለልቅሶው ፎቶ ተፈለገ። ከሰርጉ ቪዲዮ ላይ ላወጣለት ተቀመጥኩ። ቀጥ ብሎ የሚያይበት ቦታ ለማግኘት ስንት ነገር አሳለፍኩ፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ዞሯል። ያ ከሰማያዊው በር ፊት የተቀረጸው ትዝ አለኝ፤ ነገር ግን እጁን እንዳነሳ ሰው ፊት ማቆሙ ከበደኝ፣ ተውኩት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። የታሰሩት ወጡ፣ የሸሹት ተመለሱ፤ በድልድዩ ላይ በከበሮና በእልልታ ተቀበሏቸው። እኔም እንድቀርጽ ተጠራሁና ቀረጽኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ አልጋ ሥር የነበረው ሁሉ አሁን ከፊት ነበርኩ ማለት ጀመረ። ፊልም እንዳለኝ የሰሙ ወጣቶች መጥተው አዳራሽ ውስጥ እናሳየው አሉኝ። እሺ አልኩ። ከማሳየቴ በፊት ግን የአማቼን ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ሰፋሁት። የሚያስረው የለ፤ የሚመለስ የለ። እህቴን አስፈቀድኳት፤ ጥቁሯን እንደለበሰች «እንደ ወደድህ» አለችኝ።

አዳራሹ ሞላ። ፊልሙ እንደጀመረ ምን እንደምሰማ ማወቅ ነበረብኝ። ሰዉ ሰርግ ነው ያየው። «ያ የእገሌ ልጅ አይዶል?» «ኧረ ያቺ የኔ ጃንጥላ ናት!» «ምነው ፊቴን ሸፈነኝ ይሄ ሰውዬ?» ይባላል። በነጩ ብርሃን ሥር ራሱን የሚፈልግ፣ ራሱን ሲያጣ የሚያኮርፍ ነው ሁሉም። የናፍጣው ሰልፍ ሲመጣ ደግሞ በሳቅ ይፈርሳል፤ ያኔ ጄሪካኔን የሰረቀኝ ይሄ ነው ይላል። ጥግ ላይ ቆሜ ራሴን እረግም ነበር።

ዞር የሚለው ሰው መጣ። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ብድግ አለ። በከተማችን የታወቀ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ በሰልፉ ዕለት መጋዘኑን ከውስጥ ቆልፎ ሠራተኞቹን በጆንያው መሃል ደብቆ እንደዋለ አገር ያውቃል። እጁን አውጥቶ «ይሄ እኔ ነኝ!» አለ። «ወደ ኋላ ዞሬ ወንድሞቼን አይዟችሁ ስል ነው!» አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላውም፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰውየው በሕይወቱ ትራክተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ውሸትህን ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ካልሆነ ማን ነው ቢሉኝ መልስ የለኝም፤ መልሼ ዘጋሁት።

መጨረሻው ላይ አማቼ ከሰማያዊው በር ፊት ቆመ። እጁን አነሳ፤ ባለበት ረገጠ፤ አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ይሄ ደሞ ማነው?» አለ ከመሃል አንዱ።

«በሩ እኮ የሱዳን ነው!»

«ብቻውን ይሰለፋል እንዴ? አበደ?»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰርግ ላይ ሚዜ ሲወድቅ የሚሳቅ ዓይነት ነው። ያወቁት ጥቂቶች ሳቁን ቶሎ ዋጡት፤ ሌላው አላወቀውም። መብራቱ ሲበራ እህቴን ፈለግኩ፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ባጃጅ ልጥራ ብላት አይሆንም አለች። በእግራችን ወደ ቤት አቀናን። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም፤ አስፋልቱ ይፋጃል። ስለ ሳቁ ይቅርታ ልጠይቃት ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ።

«እሱ ነው እኮ፣ ወንድምዓለም» አለች።

«ማን?»

«ዞር የሚለው።»

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ ሮጥ ብዬ ደረስኩባት።

«ከመዞሩ በፊት ግራ እጁን ወገቡ ላይ ያረጋል» አለች። «የትራክተሩ ወንበር ወገቡን ጎድቶት ነበር። ሌሎቹ ነጂዎች እንዲሁ ይዞራሉ፤ እሱ ይዞ ነው የሚዞር። በሰሊጥ ዘይት የማሸው እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቀው?»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያኔ። በረንዳ የወጣሁ ጊዜ።»

«ታዲያ ምነው የለም አልሽኝ?»

«ከታየሁ አልመለስም ብሎኝ ነበራ» አለች። እንባዋ ያለቀ ሰው ነበረች። «የለም ካልሁት ይመጣል ብዬ። ላንተም ብነግርህ ትነግረዋለህ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልሁ። ይሄን ጊዜ ሁሉ ሆዴ ፈጀው።»

የላክሁለት ፊልም ውስጥ እሱ ነበር። ደጋግሞ፣ ዝግ ብሎ፣ ከፊልሙ ሁሉ በላይ የሚታየው እሱ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አቅርቦ አየውና የለሁበትም አለ። ሰው የራሱን ጀርባ ከየት ያውቀዋል? እኔም ፊት ስለቅም የኖርኩ ሰው ወገብ ላይ የተጣለ እጅ አላየሁም። ተናደድኩ፤ በእሷ፣ በእሱ፣ በራሴ፣ በዚያ ባጨበጨበ አዳራሽ ሁሉ።

ቤት ደርሰን ላፕቶፑን ከፈትኩት። ዝናቡ ይዘንባል፤ ግራ እጁ ወገቡ ላይ ያርፋል፤ ዞር ይላል።

«ይቺን ብቻ ቆርጠህ ስልኬ ላይ ጫንልኝ» አለች እህቴ። «ለልጆቹ ላሳያቸው።»

«ፊቱ አይለይም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጫንኩላት። ወዲያው ግን አላሳየቻቸውም፤ ሆዷ እስኪችል ሰነበተች። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለቱንም አስቀምጣ ስልኩን አወጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። በጣቷ አሳየቻቸውና «ይሄ አባታችሁ ነው» አለቻቸው። ታናሹ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየ። ትልቋ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አየችና እናቷን ቀና ብላ ተመለከተቻት፤ ልታርማት እንጂ ልትቃወማት አልነበረም።

«እሱማ ባለ መጋዘኑ ሰውዬ ነው፣ እማ» አለች። «ትምህርት ቤት መጥቶ ይቺኑ ቪዲዮ አሳይቶ ነግሮናል።»